ግንቡ ውስጥ ያላስጨረስኩሽ ነገር

ውድ ጥሩዬ፣

ከተለየሽኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሞላ። ደባርቅ ያው ናት፤ ጠዋት ጠዋት በሊማሊሞ በኩል የሚወጣው ጉም ግቢያችንን ሸፍኖ ይቆያል። የኋላውን ክፍል ቀበሌው ለመሠረተ ትምህርት ወስዶታል። አልተከፋሁም፤ በሳምንት ሦስት ቀን እኔው አስተምርበታለሁ። ጥቁሯ በግሽ መንታ ወልዳለች። ታናሹ ልጃችን ከጦር ግንባር ሁለት ደብዳቤ ልኳል፤ በሁለቱም መቃብርሽን አደራ ብሎኛል።

ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ጎንደር ሄጄ ስለተመለስኩ ነው።

ከአብዮቱ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ስምንተኛ ክፍሎችን ግንቡን ልናሳይ የወሰድንበትን ቀን ታስታውሺዋለሽ። አንቺ ለልጆቹ ሁሉ ዳቦ ጋግረሽ አብረሽን መጣሽ። በትልቁ አዳራሽ ቆሜ ከደብተሬ አነበብኩላቸው፤ ነገሥታቱን በተራ፣ የፎቁን ብዛት፣ ሥራውንም የውጭ አገር ባለሙያዎች እንደሠሩት። አንቺ ከኋላ ሆነሽ ኖራውን ያቃጠሉት የእናትሽ ዘሮች እንደሆኑ፣ ሴቶቹም እየወቀጡ በወንፊት ይነፉት እንደነበር መናገር ጀመርሽ። አንዱ ልጅ “ለካ ባለ እጅ ናቸው” አለና ሳቅ ሆነ።

በአገራችን የሚገነባ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ሸክላ የሚሠራ ሰው ዓይኑ ይፈራል፤ ከእሱ ጋር መጋባትም ነውር ነው። እኔም ለዘመዶቼ የዳባት ገበሬ ልጅ ነች ብዬ ነበር ያገባሁሽ። መገሠጽ የነበረብኝ ልጁን ነው። እኔ ግን አንቺን፣ “በመጽሐፍ የሌለ ነገር ለተማሪ አይነገርም” አልኩሽ። ነጠላሽን አጣፍተሽ ወጣሽ። ከዚያ ወዲያ ስለ ግንቡ አንድም ቀን አላነሳሽም፤ እኔም ይቅርታ ሳልጠይቅሽ ሞትሽብኝ።

የይለፍ ወረቀት ፈልጌ ቀበሌ ስሄድ ሊቀመንበሩ ያ “ባለ እጅ ናቸው” ያለው ልጅ፣ ደምሴ ነው። ለምን ጉዳይ እንደምሄድ ጠየቀኝ። ግንቡን ለማየት ነው አልኩት።

“ጋሼ፣ ግንቡን በቃልዎ ያውቁት የለም እንዴ?” ብሎ ቀለደብኝ።

ያስተማርኳችሁ ጎደሎ ነበር፣ ባለቤቴ ልትሞላው ስትል ከልክያታለሁ አልኩት። ወረቀቱን ሞላልኝ። ማኅተሙን ካሳረፈ በኋላ ቀና ሳይል፣ “የዚያን ለት እትዬ ጥሩወርቅ ዳቦውን ሲያድሉ ለእኔ ሁለት ሰጡኝ” አለኝ።

ይህን አላውቅም ነበር፣ ጥሩዬ።

ግንቡ ግቢ ከዘበኛው በቀር ሰው አልነበረበትም። መነጽሬን አድርጌ ግድግዳውን እንደ ፈተና ወረቀት ከጥግ ጀምሬ አየሁት። ከደረጃው ሥር፣ ከጉልበት ዝቅ ብሎ፣ ኖራው ሳይደርቅ አራት ጣት የተሳበበት ቦታ አገኘሁ። ጣቶቼን ባኖራቸው ሰፉበት፤ ጠባብ እጅ ነው። የሴት ነው ብዬ አልጽፍም፤ ማስረጃ የለኝም። ግን የሰው እጅ ነው። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ዘመን ስለ ግንቡ ሳስተምር የነገሥታቱን ስም እንጂ የሠራተኛ እጅ አንስቼ አላውቅም። እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ዘበኛው አይቶኝ እንዳላየ አለፈ።

በተመለስኩ በሦስተኛው ቀን፣ ትምህርት ከመጀመሬ በፊት፣ የማን ዘር እንደነበርሽና ምን እንዳደረግኩሽ ለጎልማሶቹ ነገርኳቸው። ሰው አልሳቀም። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ወጡ፤ እስካሁን አልተመለሱም። በሩ አጠገብ ለብቻዋ የምትቀመጥ አንዲት ሸክላ ሠሪ አለች። እሷ ግን በሚቀጥለው የትምህርት ቀን መጥታ ፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፤ አጠገቧ የነበረችው ሴትም ጠጋ አለችላት።

ይቅርታዬ እንደዘገየ አውቃለሁ። እስካለሁ ድረስ ግን ሚስትህ የማን ልጅ ነበረች ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የግንበኛ ልጅ ነበረች እላለሁ። ድምፄንም ዝቅ አላደርግም።

ባለቤትሽ