ሟቿን ከበን ስንቆም

ፊዮሬንዛ፣

እንቅልፍ ስለወሰደሽ አልቀሰቀስኩሽም። ሾርባው ምድጃው ላይ ነው፣ አሙቂና ጠጪ። ቁልፉን ለታችኛዋ ጎረቤታችን ለሲኞራ ኢልዴ ሰጥቻታለሁ፤ ሐኪሙ ሲመጣ እሷ ትከፍትለታለች፣ አንቺ ለበሩ ብለሽ እንዳትነሺ። መስኮቱን ዘግቼዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ዝጊው ስልሽ...
ይሁን፣ ተይው።

እኔ ቲያትር ቤት ሄጃለሁ። ዛሬም በኦፔራው ላይ ያቺ ሟች ሳንባዋ አልቆ ግማሽ ሰዓት ትዘፍናለች። እኛ አጃቢ ዘፋኞቹ ከበናት "ፍጠኑ፣ ሐኪም አምጡ" እያልን እንዘፍናለን እንጂ ከቦታው ንቅንቅ የሚል የለም። አዘጋጁ እንደሆነ ታውቂዋለሽ፦ "እጅ ደረት ላይ፤ የተነቃነቀ ወዮለት።"

ትናንት ወጥ ቤት ውስጥ ሳል አጣድፎሽ መሬት ላይ ስትቀመጪ፣ እኔ በሩ ላይ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ቆሜ አየሁሽ። ምን እንደያዘኝ አላውቅም።
"ውሃ ስጪኝ እንጂ ሎሬዳና፣ መጋረጃው እስኪወርድ ልትጠብቂ ነው?" አልሽኝ።
ቀልድሽን እንደሆነ አውቃለሁ። አንቺ ስቀሽ ረስተሽው ይሆናል፣
እኔ ግን አልሳቅኩም።

ሌላ ምን እንደማደርግልሽ ስለጠፋኝ፣ ቤት ውስጥ ያለውን ብርጭቆ ሁሉ ውሃ ሞልቼ ከአልጋሽ አጠገብ ደርድሬልሻለሁ።

ሎሬዳና