«አይቀርም» የተባለችው ቆርቆሮ

ሞላዬ፣ ወንድምዓለሜ፤

ከተለየኸኝ ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። ሙት ዓመትህን ደብረ ወርቅ፣ እናትህ ቤት አወጣንልህ። ድንኳኑም ዝክሩም እንደ ወጉ ነበር፤ እኔ ግን በዚያ ሁሉ ሰው መሀል አንተን ስፈልግ ዋልሁ። ደህና ነህ ወይ እንዳልልህ የት እንደተኛህ አውቃለሁ፤ ደህና ነኝ እንዳልልህም ውሸት አትወድም። ስለዚህ የመኪናውን ነገር ልንገርህና ይውጣልኝ።

ሸጥሁት። አትቆጣ። ክረምቱን ሙሉ ቢቸና ግቢያችን ውስጥ ቆሞ ጎማውን ሣር ወረሰው፣ የጎረቤት ዶሮዎች ከሥሩ እንቁላል መጣል ጀመሩ። ሾፌር ቀጥሬ ሰው ማመላለሱን ላስቀጥለው ብልም ማን እንደ አንተ ሊይዝልኝ? ከሁለታችን መኪና እንግዲህ የቀረችው የኔዋ ናት፣ የልብስ ስፌቷ። እሷም ብትሆን ዘይት የሚቀባት አጥታ ቀኑን ሙሉ ስትንጫጫብኝ ትውላለች።

ያ ሁሉ ብረት ሲሄድ ልቤ የተንሰፈሰፈው ለቆርቆሮዋ ነው። ከታርጋው በላይ በብሎን ያሰርሃት፣ በቢጫ መደቧ ላይ በቀይ ቀለም «አይቀርም» ብለህ በገዛ እጅህ የጻፍህባት። ፊደሉን እንደ ብራና ጽሑፍ አሳምረህ ነበር የጣልኸው። ደብረ ወርቅ ቅኔ ስትቆጥር ኖረህ ትምህርቱን ጥለህ መሪ ብትጨብጥም፣ ቅኔው ከእጅህ አልወጣም ነበር። ያን ጊዜ ከቢቸና ሞጣ ያለው መንገድ ጠጠር ነው፤ ክረምት ሲገባ ጭቃው መኪና ይውጣል፣ ሾፌሩ ሁሉ «ነገ» እያለ ሰውን መንገድ ዳር ያስቀረዋል። አንተ መሽቶብህም ጭቃ ለብሰህም ትደርስ ነበር። ሰውም የመኪናውን ስም አወረሰህ፤ እኔንም ገበያ ላይ «የአይቀርም ሚስት» ይሉኝ ነበር። የተቆጣሁ እመስላለሁ እንጂ ደስ ይለኝ ነበር።

የስሙን ወርቅ ብጠይቅህ «ሰሙ መኪናው ነው፤ ወርቁ ይቆይሽ» እያልህ ትስቅብኛለህ። እኔ የቅኔ ቤት ደጅ ያልረገጥሁ ሴት፣ ወርቁማ እኔ ነኝ ብዬ ስኩራራ ኖርሁ። ወርቁን የሰማሁት ጉበትህ አሸንፎህ ሬሳህን ከሐኪም ቤት ደብረ ወርቅ ያደረስን ቀን ነው። አልቃሿ ወደ እናትህ ዞራ እንዲህ አለች፤

አይቀርም እያልሽ መንገድ ያየሽለት፣
አልቀረም መጣልሽ ሰዎች ተሸክመውት።

ያን ጊዜ ገባኝ። ለካ ሞትም አይቀርም። ቀለሙን ስትቀባ ይህን አስበህ ነበር ወይ? አስበህ ከሆነ ለምን ብቻህን ያዝኸው? እስከ ዛሬ የምቆጣህ በዚህ ነው።

ገዢው አቶ ሰይድ ናቸው፣ የሞጣው ነጋዴ፣ የዘወትር መንገደኛህ። እኔ ታርጋውንም ቆርቆሮዋንም ማስቀረት ፈልጌ አስቀድሜ የመንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ሄድሁ። እዚያ ያገኘሁት ሠራተኛ መጀመሪያ ሳቀ፤ ጥቁር ልብሴን ሲያይ ግን አፈረ። «እትዬ፣ ታርጋ ከመኪናው ጋር እንጂ ከሰው ጋር አይሄድም። ቆርቆሮዋ ግን እኛ ዘንድ አትታወቅም፤ እንዳሻዎ ያድርጓት» አለኝ። ቁጥሩን መንግሥት ይውሰደው ብዬ መፍቻ ተውሼ ወደ ቤት በረርሁ።

አንዱን ብሎን ፈትቼ ሁለተኛውን ስታገል አቶ ሰይድ ደረሱብኝ። «እህቴ፣ የሞጣ ሰው ቁጥር አያውቅም፤ የሚሳፈረው አይቀርምን ብሎ ነው። አዲሱን ሾፌር እስኪለምዱት አውሺኝ» አሉኝ። የሰው ስም ይዋሳል እንዴ? ግን እኒህ ሰው በለቅሶህ ቀን ከእኛ ጋር መሬት ላይ ተቀምጠው ያለቀሱ ናቸው፤ እምቢ ለማለት አፌ አልታዘዝልህ አለኝ። እንደሚመልሱልኝ ቃል አስገብቼ የፈታሁትን ብሎን መልሼ አጠበቅሁ።

እናትህ ደብረ ወርቅ መግቢያ ላይ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ሆነው ይጠብቁህ እንደነበር አትረሳም። ከሩቅ ክላክስ ታደርግላቸዋለህ፣ ስኳርም የባትሪ ድንጋይም ያዘዙህን በመስኮት ታቀብላቸዋለህ፣ ምርቃትህን ተቀብለህ ታልፋለህ። ከቀብርህ ወዲህ ወደዚያ ዛፍ ዝር ብለው አያውቁም ነበር። አልቅሰውም አያውቁም። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እሳቸው ዓይናቸው ደርቆ አፈሩን ያዩ ነበር።

መኪናው ሥራ የጀመረ ሰሞን ግን ቢጫዋን ቆርቆሮ ከሩቅ አዩአት። ማንበብ አይችሉም፤ ቀለሟን ግን እንዴት ይሳቱት? ነጠላቸውን አጣፍተው መንገድ ዳር ወጡ። አዲሱ ሾፌር ተሳፋሪ መስለውት ቆመ፣ በር ከፈተላቸው። እሳቸው ግን አልተሳፈሩም፤ መሪውን የያዘውን ሰው ትክ ብለው አዩትና ወደ ዛፋቸው ተመለሱ። በማግስቱም መጡ፣ አሁንም አይተው ተመለሱ። እንዲህ እያሉ ሰነበቱ። ልጅሽ ሞቷል የሚላቸው ሰው አላስፈለጋቸውም፤ ራሳቸው ቀብረውሃል። ግን አይቀርም መጣ ሲባል እግራቸው አስቀድሞ ይነሳል፣ ልባቸው ኋላ ነው የሚደርሰው።

ሾፌሩ ግራ ቢገባው ለአቶ ሰይድ ነገራቸው። አቶ ሰይድ ሳይውሉ ሳያድሩ ቆርቆሮዋን በጋዜጣ ጠቅልለው ቢቸና መጡ። «ገበያው ይቅርብኝ፤ የእናት ዓይን ግን አልችልም» አሉና ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ሄዱ። እግዜር ይስጣቸው።

ከስፌት መኪናዬ በላይ ልሰቅላት ምስማሩን መትቼ ነበር። ግን እናትህ ነገሩን ሳይሰሙ ቆርቆሮዋ ከመኪናው ብትጠፋባቸው ሌላ ሐዘን ይሆናል ብዬ ይዣት ደብረ ወርቅ ሄድሁ። ተቀብለውኝ ጭናቸው ላይ አኖሯት። በነጠላቸው ጫፍ አቧራዋን ጠረጉ። ቀጥሎ ፊደሎቹን በጣታቸው እየዳሰሱ «አይ የሚለው የቱ ነው?» አሉኝ። ጣታቸውን ይዤ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አሳየኋቸው። እሳቸውም «አይ»ን በመዳፋቸው ሸፈኑት።

«ቀረ» አሉ። «ልጄ ቀረ።»

ከዚያ አለቀሱ፣ ሞላዬ። በቀብርህ ቀን ያላፈሰሱትን ሁሉ አፈሰሱት። እኔም አብሬያቸው አለቀስሁ፤ መጽናናት የሚባለው ይህ ከሆነ አላውቅም፣ እኔን ግን ከበፊቱ የባሰ አሞኛል። ቆርቆሮዋን ከጭናቸው ማንሳት አልቻልሁም፤ እዚያው ትቻት መጣሁ። የኔ ምስማር ግድግዳው ላይ ባዶውን አለ።

መኪናው አሁንም ይመላለሳል። ቆርቆሮዋ የነበረችበት ቦታ ፀሐይ ስላልነካው ቀለሙ እንደ ድሮው ነው፣ የብሎኖቹም ቀዳዳ ይታያል። ሞጣ ላይ ሰው ዛሬም «አይቀርም መጣ» እያለ ዕቃውን ያነሳል አሉኝ። የኔን ደጅ ሲያልፍ ድምፁን እለየዋለሁ፤ ቀና ብዬ ግን አላይም፣ መርፌዬን እያየሁ አሳልፈዋለሁ።

እናትህን በየጊዜው እየሄድሁ አያቸዋለሁ፤ ስኳራቸውንም የባትሪ ድንጋያቸውንም አሁን የማደርሰው እኔ ነኝ። ከእሳቸው ስወጣ መቃብርህን ሳልሳለም አልመለስም። ስምህንም ቆርቆሮ ላይ ስላላየሁት አልረሳውም፤ ገበያ ላይ «የአይቀርም ሚስት» ያለኝን ሁሉ ዛሬም አቤት እለዋለሁ። ወርቁን ለብቻህ ይዘህብኝ ነበር፤ አሁን እኔም አውቄዋለሁና ከእንግዲህ አትስቅብኝም።

ጠብቀኝ ብቻ፣ ሞላዬ። እኔም አልቀርም።