የቅዳሜ ጩኸት

ዲላ፣ ግንቦት 9 ቀን 1964 ዓ.ም.

ውድ የትምወርቅ፣

ነገ ሙት ዓመትሽ ነው። ዛሬ ጠዋት ድንኳን ስተክል እናትሽ እማማ ሙሉእመቤት መጥተው «ወንድይፍራው ልጄ፣ አንተ ባትኖር በምን እጽናና ነበር?» ብለው ጉንጬን ሳሙኝ። ለማንም ያልነገርኩት አንድ ነገር አለ። ነገ ለእሳቸው ከመናገሬ በፊት ለአንቺ ልጻፈው።

ያ ሲኒማችን ሲኒማ ለመባል የሚያሳፍር ነበር። ቡናው ተጭኖ ያለቀ ባዶ መጋዘን፣ መስኮቱ በጆንያ የተደፈነ፣ ግድግዳው ላይ አቡጀዲ የተወጠረ። በዚያ ላይ የፊልም ማሳያው መኪና የድምፅ አምፖል ተቃጠለና መለዋወጫው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ፊልሙ ድዳ ሆነብኝ። ያውም አስፈሪ ፊልም! ያለ ድምፅ ማን ይፈራል? ስለዚህ ከአቡጀዲው ጀርባ ሆነን ድምፁን ራሳችን ሠራነው። ነጎድጓዱን በቆርቆሮ፣ በጨለማ የፊልሟን ሴት የሚከተላትን ሰው ኮቴ በደረቀ የእንሰት ቅጠል። የቀረው የሴትየዋ ጩኸት ነበር። ከመጋዘኑ ጀርባ ባለው ቤታችሁ ልብስ ስትሰፊ መጥቼ ስለምንሽ «ስምህ ወንድይፍራው፣ ሥራህ ሰው ማስፈራራት፤ እኔን ምን አስገባኝ?» ብለሽ ሳቅሽብኝ። ግን መጣሽ። እወድሽ ነበር፤ እሱንም ሳልነግርሽ ቀረሁ።

አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ስሠራ የለቀምኩትን ሁሉ አስተማርኩሽ። አውሬውን ማሳየት አያስፈልግም፤ ካልታየ ሰው የየራሱን አውሬ ይፈጥራል። ከጩኸት በፊት ዝምታ አለ፤ ዝምታው ሲረዝም ተመልካቹ ራሱ ሊጮህ ይደርሳል። የድመቷንም ነገር ነገርኩሽ። «መጀመሪያ ድመት ዘላ ታስደነግጣለች፤ ሰዉ በራሱ ስቆ ይዝናናል። እውነተኛው የሚመጣው ያኔ ነው» አልኩሽ። «ይሄማ ተንኮል ነው» አልሽኝ። ልክ ነበርሽ።

ሴትየዋ ሻማ ይዛ ወደ ምድር ቤት ስትወርድ ጩኸቷ ከጥልቅ እንዲመጣ ፈለግሁ። ከጣሪያችሁ የሚወርደውን ዝናብ የምታጠራቅሙበትን በርሜል ባዶውን አጋድመን፣ አፍሽን ወደ ውስጥ አድርገሽ አስጮህኩሽ። የመጀመሪያው ቅዳሜ «ኡኡ! የሰው ያለህ!» ስትይ የተነሣው ተመልካቹ ብቻ አልነበረም። ጎረቤቱ ሁሉ ዱላና መጥረቢያ ይዞ ከተፍ አለ። በሩን ገንጥለው የገቡት አቶ ሽብሩ ነበሩ፤ እንሰት ሲቆርጡበት የነበረውን ቢላዋ እንኳ ከእጃቸው አልጣሉትም።

«ሴትዮዋ የት አለች? ማነው የነካት?»

«ፊልም ነው፣ አቶ ሽብሩ» ብዬ ሳቅሁ።

እሳቸው አልሳቁም። «ኡኡታ ጨዋታ አይደለም። ኡኡታ ሲሰማ ሰው እህል ከአፉ ጥሎ ነው የሚሮጠው። ነገ ይሄ ጩኸት ማን ይሰማዋል? አንተ ገደልከው» ብለው ወጡ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ኡኡታውን ሰምቶ የመጣው ሦስት ሰው ነው። በሦስተኛው ማንም አልመጣም። «ሰዉ ሠለጠነ» ብዬ ደስ አለኝ፣ እኔ ሞኙ። አንቺም ለቅዳሜ በአዘቦቱ ቀን እቤታችሁ በበርሜሉ ስትለማመጂ፣ ጩኸትሽ ለሰፈሩ እንደ ወፍጮ ድምፅ ሆነ። «የሲኒማዋ ናት» ይልና ሁሉም ወደ ሥራው ይመለሳል።

ያን ሐሙስ እናትሽ ለለቅሶ ዱመርሶ ሄደዋል። ሌሊቱን የጣለው ዝናብ የውሃ ጉድጓዳችሁን ዳር አርሶታል። ረፋዱ ላይ ልትቀጂ ስትወጪ የቆምሽበት ሳንቃ ከነአፈሩ ይዞሽ ወረደ። ጮኽሽ። እስከ ስምንት ሰዓት ጮኽሽ። አቶ ሽብሩ ሰምተዋል፣ ከመንገዱ ማዶ ጠላ የምትሸጠው ዘነቡም ሰምታለች። ሁሉም ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። እናትሽ በአሥር ሰዓት ሲመለሱ ያገኙት ነጠላ ጫማሽን ነው፤ አንዱን እግር ብቻ።

ቀብርሽ ላይ ከተማው እሪ አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አቶ ሽብሩ መሬት ላይ ተደፍተው «በርሜሉ መስሎኝ! በርሜሉ መስሎኝ!» ሲሉ ያነሣኋቸው እኔ ነኝ። «ሁላችንም መስሎን ነው» አልኳቸው። እናትሽም የሚጽናኑት በዚህ ነው። «በርሜሉ መስሏቸው ነው እንጂ፣ ሰው እንዴት ዝም ይላል?» ይላሉ። ዓመት ሙሉ ይህን ሲሉ አጠገባቸው ተቀምጬ ራሴን ነቀነቅሁ።

የትምወርቅ፣ በርሜሉ እናንተ ቤት አልነበረም። ረቡዕ ከሰዓት፣ ለቅዳሜ ባዶውን ይቆይልኝ፣ ዝናብ ሳይሞላው ብዬ፣ እኔው ራሴ እያንከባለልኩ መጋዘን አስገብቼዋለሁ። አንቺ ደንበኛ ቤት ልብስ ልታደርሺ ሄደሽ ስለነበር አላየሽኝም። ከጣሪያችሁ ሥር ብተወው ያን ሌሊት ሞልቶ ያድር ነበር፤ አንቺም ጉድጓድ ባልሄድሽ። ሐሙስ ረፋድ የተበጠሰ ፊልም ስቀጥል ድምፅሽ መጣ። «ዛሬስ አሳመረችው፤ ልክ እንዳልኳት ከጥልቅ አወጣችው» አልኩ ለራሴ። ይህን ስል የተቀመጥኩት በርሜሉ ላይ ነበር። ተረከዜ ሆዱን መታ መታ ያደርገዋል፣ ባዶነቱ ይሰማኛል። ታዲያ ከምን ውስጥ ነው የምትጮኸው ብዬ አልጠየቅሁም።

ነገ ቄሱ ፍትሐቱን ሲጨርሱ ለእናትሽ እነግራቸዋለሁ፤ አቶ ሽብሩም እንዲሰሙ እዚያው ፊታቸው። ከዚያ በኋላ ልጄ ባይሉኝ አይፈረድባቸውም። አምፖሉ ከመጣ ዓመት ሊሞላው ነው፤ እስካሁን ከካርቶኑ አላወጣሁትም። በርሜሉን ግን ዛሬ መልሼ ከጣሪያችሁ ሥር አቆምኩት። ይህን ስጽፍ ዝናቡ ጀምሯል፣ ሲሞላ ይሰማኛል።

ኡኡ ስትይ ያልመጣው፣
ወንድይፍራው