የእትዬ አራት ነጥብ የሕይወት ታሪክ፦ ከጋሼ ጋር በውጭ ፊልሞች ሳምንት

ዛሬ የምንሸኛቸው እትዬ ጥቅምት 4 ቀን 1945 ዓ.ም. ከአናጢ አባታቸውና የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ከነበሩት እናታቸው፣ ከአባታቸው መሥሪያ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ተወለዱ። የሥራ ባልደረቦቻቸው «አራት ነጥብ» ይሏቸው ነበር፤ እሳቸው ከተናገሩ በኋላ ነገሩ ስለሚያበቃ ነው። በዚህ ጽሑፍ ቤተሰቡ እንደሚጠራቸው እትዬ እንላቸዋለን፤ ታናሽ ወንድማቸውንም ጋሼ።

በእንዲህ ያለ ቀን «ትሑት፣ ታጋሽና ከሁሉ ተግባቢ ነበሩ» ማለት ደንብ ነው። እትዬ ትሑት አልነበሩም፤ ታጋሽም አልነበሩም። ቁጡ ነበሩ። ለምን እንደተቆጡ ሳይነገር መሬት ቢገቡ ግን ግፍ ነው፤ ስለዚህ ይነገራል።

ትምህርት በስድስት ዓመታቸው ጀምረው ከክፍላቸው አንደኛ ይወጡ ነበር። በ1958 ዓ.ም. ጋሼ በሰባት ዓመታቸው በማጅራት ገትር ታመው ከሞት አፋፍ ሲመለሱ መስማት ተሳናቸው። እናታቸው እጃቸውን ይዘው ወደ ትምህርት ቤት ቢመልሷቸው፣ ርዕሰ መምህሩ ከወንበራቸው እንኳ ሳይነሱ «ለማይሰማ ልጅ ቦታ የለንም፤ የእጅ ሥራ ያስተምሩት» አሉ። የአሥራ ሦስት ዓመቷ እትዬ በር ላይ ቆመው ሰምተዋል። እኚህን ርዕሰ መምህር እስከ ዕለተ ሞታቸው ይቅር አላሉም። ይቅር እንዲሉ የመከሯቸው ሰዎች ነበሩ፤ እነሱንም ይቅር አላሉም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እትዬ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ደብተራቸውን ጥለው የአባታቸውን ወፍራም እርሳስ ያነሳሉ። በተላገ ጣውላ ላይ ፊደል ይጽፋሉ፣ ጋሼ ያነባሉ፤ ጣውላው ሲሞላ አባትየው በመላጊያ አንስተው ንጹሑን ይመልሱላቸዋል። በእነዚያ ዓመታት ከአናጢው ቤት የወጣ ጠረጴዛ ሁሉ ከልኩ የሳሳ ነበር የሚባለው ቀልድ አይደለም፤ እውነት ነው። በእጅ የሚነጋገሩበትን ምልክትም ሁለቱ ራሳቸው ፈጠሩ። ጋሼ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላቸው ጋዜጣ ያነቡ ነበር።

እትዬ በ1964 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አጠናቀው በዓመቱ በአንድ ማተሚያ ቤት በአራሚነት ተቀጠሩ። ቀለሙ ያልደረቀ ወረቀት ከፊታቸው ዘርግተው፣ ከእያንዳንዱ መስመር ሥር ማስመሪያ እያስኬዱ፣ ቀይ እስክሪብቶ በጆሯቸው ላይ ሰክተው ሠላሳ አምስት ዓመት ሠርተዋል። አንድ ባለሥልጣን «ተሾሙ» ሊባል «ተሸጡ» ተብሎ ፊደሉ የተለቀመውን ገጽ ማሽኑ ሊነሳ ሲል ያስቆሙት እሳቸው ናቸው። አለቃቸው «ሰዓት የለንም፣ ማን ያየዋል?» ቢሏቸው «የተሸጡት ሰውዬ ያዩታል» ብለው ወረቀቱን አጥፈው ተቀመጡበት።

በ1969 ዓ.ም. ጋሼን በዚያው ማተሚያ ቤት ጥረዛ ክፍል አስቀጠሩ። አለቃው ቢያንገራግሩ፣ እትዬ፣ ጋሼ በቤታቸው የጠረዙትን መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው «ይገንጥሉት እስቲ» አሏቸው። አለቃው ሞከሩ፤ አልተገነጠለም።

በ1970 ዓ.ም. እትዬ ትዳር መሠረቱ። በሦስተኛው ዓመት ባለቤታቸው «ወይ እኔ ወይ ያ ወንድምሽ» አሉ። እትዬ ተነስተው በሩን ከፈቱላቸው። «በስምምነት ተለያዩ» ብለን ብንጽፍ እሳቸው ራሳቸው ተነስተው ያርሙናል። ልጅ አልወለዱም። «ዘር ሳይተኩ ሄዱ» እያለ ዛሬ በጓሮ የሚያንሾካሹክ ዘመድ ካለ፣ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችውን የጋሼን ልጅ ይይ። ስም ያወጡላት፣ ፊደል ያስቆጠሯት፣ የትምህርት ቤት ክፍያዋንም የከፈሉት እሳቸው ናቸው።

የእትዬ ሕይወት የዞረው በኅዳር ወር 1977 ዓ.ም. ነው። በከተማው ትልቁ አዳራሽ በየዓመቱ ለሚካሄደው የውጭ ፊልሞች ሳምንት የፕሮግራም ወረቀት ሊታተም መጣ፤ ለማረም ተቀመጡ። ከታች በደቃቅ ፊደል «ፊልሞቹ ከአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ጋር ይታያሉ» ይላል። ማስመሪያቸው እዚያ መስመር ላይ ቀረ። ወረቀቱን ይዘው ጨርቄን ማቄን ሳይሉ ወደ ጥረዛ ክፍል ሮጡ፤ ጣታቸውን መስመሩ ላይ አድርገው ለጋሼ አሳዩ። የሃያ ስድስት ዓመቱ ጋሼ እስከዚያ ቀን ሲኒማ ቤት ረግጠው አያውቁም ነበር። የአገሩ ፊልም ለእሳቸው ከንፈር ብቻ ነው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አምስተኛው ረድፍ ላይ፣ መተላለፊያው ዳር ተቀመጡ። ፊልሙ ስለ አንድ የድልድይ ጠባቂ ነበር፤ ቋንቋውን ከአዳራሹ ውስጥ አንድም ሰው አያውቀውም። ጠባቂው አንድ አስቂኝ ነገር ሲናገር ጋሼ ከሰው ሁሉ ቀድመው ሳቁ፤ ንባባቸው ፈጣን ነበርና። ሰው ዞሮ አያቸው። ጋሼም በስክሪኑ ብርሃን እጃቸውን አንስተው ለእትዬ «ዛሬ ሁሉም እንደ እኔ ነው» አሏቸው።

ከዚያ በኋላ ለሃያ ሁለት ዓመት አንድም ኅዳር አላለፋቸውም። የዓመት ፈቃዳቸውን ለዚያች ሳምንት ብቻ ይወስዳሉ። ጋሼ ጫማቸውን ያስጠርጋሉ፤ እትዬ ቀይ እስክሪብቷቸውን ይይዛሉ። ከፊልሙ ሲወጡ እግረኛ መንገዱ ላይ ቆመው በእጃቸው ይከራከራሉ፤ አላፊ አግዳሚው የተጣሉ ይመስለዋል፣ ብዙ ጊዜም ተጣልተዋል። እትዬ በግርጌ ጽሑፉ ላይ ያገኙትን ስህተት ሁሉ ዘርዝረው ለአዳራሹ ጽሕፈት ቤት ያስገባሉ። ዘመዶች «ለማያውቁት አገር ፊልም እንዲህ መሆን ምን ይባላል?» እያሉ ይስቁ ነበር። ነገር በዓይን ይገባል የሚለውን ተረት የሚያወሩ፣ ሰው በዓይኑ ሲሰማ ግን የሚስቁ ዘመዶች ናቸው። ዛሬም ከፊት ረድፍ ተቀምጠዋል።

በኅዳር 1999 ዓ.ም. አዳራሹ አዲስ ሥራ አስኪያጅ ተሾመለት። መብራቱ ጠፋ፣ ፊልሙ ጀመረ፤ ከግርጌው ምንም የለም። አንድ ሰው ከጥግ በማይክሮፎን ትርጉሙን ያነባል። «ተመልካች ማንበብ ይሰለቸዋል» ተብሎ ጽሑፉ ተነስቷል። ጋሼ የዘገየ መስሏቸው ትንሽ ጠበቁ። ኋላ ወደ እትዬ ዞረው «ጽሑፉ የታለ?» ብለው በእጃቸው ጠየቁ።

እትዬ ተነሱ። በመተላለፊያው ወርደው ከስክሪኑ ፊት፣ የፕሮጀክተሩ ብርሃን ላይ ቆሙ፤ ጥላቸው ፊልሙን ሸፈነው። ሰው ጮኸ። «ቁጭ በይ አንቺ ሴትዮ!» «አውጧት!» ሥራ አስኪያጁ እየሮጡ መጡ።

«እትዬ፣ ለአንድ ሰው ብለን አራት መቶ ሰው እናስቸግር?»

«አራት መቶው ማንበብ ቢሰለቸው ጆሮ አለው» አሉ እትዬ፣ ድምፃቸው ያለ ማይክሮፎን በረንዳ ድረስ እየተሰማ። «የእሱን ለምን ወሰዳችሁበት? ምን ተረፈው?»

ሁለት ጥበቃዎች የሃምሳ አራት ዓመቷን ሴት ብብትና ብብታቸውን ይዘው አወጧቸው። ጋሼ ተከትለው ሲወጡ ሥራ አስኪያጁ ፈገግ ብለው፣ አጠገባቸው ላለው ሰው «ለደንቆሮ ደግሞ ፊልም ምን ያደርግለታል?» አሉ። ጋሼ ኋላ ላይ ከንፈር ማንበብ እንደተማሩ አልገመቱም። ጋሼ ደጅ ላይ ቃል በቃል ለእትዬ ነገሯቸው። ይህን ሰው ስሙን ያልጻፍነው ተደብቆ እንዲኖር አይደለም፤ እትዬ ከገጻቸው ላይ ሊያዩት ስለማይፈልጉ ነው።

ሁለቱም ወደ አዳራሹ እንዳይገቡ ታገዱ። በሚቀጥለው ዓመት ኅዳር ሲገባ እትዬ ጡረታ ወጥተው ነበርና ጊዜ ሞልቷቸዋል፤ «ጽሑፉን መልሱ» የሚል ሰሌዳ ይዘው ከበሩ ፊት ለሰባት ቀን ቆሙ። ጋሼ አብረዋቸው ቆሙ። በሁለተኛው ዓመት መስማት የተሳናቸው አሥራ አንድ ሰዎች መጡ፤ በአራተኛው መንገዱ ሞላ። እትዬ ለአዳራሹ ስድሳ ሦስት ደብዳቤ ጻፉ። ስድሳ ሁለቱን ጆሮ ዳባ ልበስ አሏቸው። ለአንዱ መልስ መጣ፤ አራት የፊደል ግድፈት ነበረበት። በቀይ አርመው መለሱላቸው።

በኅዳር 2005 ዓ.ም. «በተመልካቾች ጥያቄ መሠረት» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈና የግርጌ ጽሑፉ ተመለሰ። እገዳውም ተነሳ። ይቅርታ የሚል ቃል አልነበረውም። እትዬ ማስታወቂያውን አንብበው ቆሽታቸው አረረ። ሆኖም ትኬት ቆርጠው ወደ ጋሼ ቤት ሄዱ። ጋሼ ግን «አልሄድም» አሉ።

«አምስት ዓመት የቆምኩት ለማን ሆነና?» አሉ እትዬ በእጃቸው።

ጋሼ መለሱ፦ «ለእኔ መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳየው ለንዴትሽ ነው። እኔን አንድ ቀን እንኳ ጠይቀሽኛል? ያ ሰው የተናገረውን በየዓመቱ በሩ ላይ ቆሜ ስሰማው እንደኖርኩ ታውቂያለሽ?»

ከዚያም ሁለት እጆቻቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። ለእነርሱ ዝምታ ማለት ይህ ነው። እትዬ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተናግረው ነገሩ አላበቃም። ቤታቸው ገብተው ለአራት ቀን አልወጡም። በአምስተኛው ቀን ወደ ጋሼ ተመልሰው፣ ደጃፉ ላይ እንደቆሙ «አልጠየቅኩህም። አጥፍቻለሁ» አሉ። ቤተሰቡ እስከሚያውቀው ድረስ ይህን ቃል ለሌላ ሰው ተናግረውት አያውቁም። ጋሼም ጫማቸውን አደረጉ።

የዚያን ቀን ፊልም ምን እንደነበር እትዬ ተጠይቀው መናገር አልቻሉም። ስክሪኑን አላዩትም፤ የጋሼን ፊት ሲያዩ ነው ያለቀው።

በ2013 ዓ.ም. በድንገት ወድቀው ቀኝ ጎናቸው ሰነፈ፤ የሚናገሩበት እጅ ማለት ነው። «በግራ እጅ መሳደብ ያታክታል» ይሉ ነበር። ጋሼ የግራ እጃቸውን ንግግር እንደ አዲስ ፊደል ተማሩት። በኅዳር 2014 ዓ.ም. አዳራሹ ደረጃ እንጂ ሌላ መግቢያ ስለሌለው ጋሼና ልጃቸው ከነተሽከርካሪ ወንበራቸው ተሸክመው አስገቧቸው። ይህም እስከ ዛሬ አልተስተካከለም።

በጥር 2015 ዓ.ም. ሕመማቸው ጠንቶ ሆስፒታል ገቡ። ሐኪሙ የጋሼን ልጅ ወደ ጎን ወስደው ስለ ሁኔታው ካስረዷት በኋላ «ለአባትሽ ቀስ ብለሽ በኋላ ትነግሪያቸዋለሽ» አሉ። እትዬ ከአልጋቸው ሆነው ሰሙ። በግራ እጃቸው የአልጋውን ብረት እስኪያስተጋባ መቱት። «ወንድሜ እዚሁ ቆሟል» አሉ፤ «ጻፍለት!» ሐኪሙ ተቀምጠው ጻፉ፤ ሁለት ገጽ ሞላ። ጋሼ አንብበው ሲጨርሱ ወረቀቱን አጠፉት፣ እትዬ አጠገብ ተቀምጠውም ግራ እጃቸውን ያዙ። እትዬ የካቲት 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ ጋሼ አጠገባቸው እንዳሉ፣ በሰባ ዓመታቸው አረፉ።

ትላንት ከአዳራሹ «ለፊልም ጥበብ ታላቅ ወዳጅ» የሚል የአበባ ጉንጉን ተልኮልን ነበር። አመስግነን አልተቀበልንም፤ ሳናመሰግን መልሰነዋል። ሊያከብሯቸው ከፈለጉ ደረጃውን ያስተካክሉ።

እትዬ ወንድማቸውን ጋሼን፣ ያሳደጓትን ልጅ፣ እንዲሁም በየኅዳሩ አብረዋቸው በር ላይ የቆሙትን ትተው ሄደዋል፤ እነርሱም ዛሬ በግራ በኩል ቆመዋል። ይህ ጽሑፍ ጮክ ተብሎ ሲነበብ እነርሱ በእጃቸው ካለው ወረቀት ላይ እየተከተሉ ነው። አንባቢው ቀስ ብለው ያንብቡ፤ እነርሱ ገጽ ሳይገልጡ ቀድመዋቸው አይሂዱ።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በቁጣቸው ልክ ሳይሆን በተቆጡለት ሰው ልክ ይመዝንልን። ለጋሼ መጽናናትን ይስጥልን፤ እኛም እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ እንዳይቀር እናነጋግራቸው።