በር የሚያክለው ጺም

«ቀለም ለመቀባት ይሄን ያህል አገር ማቋረጥ ምን ይሉታል? እዚህም ግድግዳ ሞልቷል» ብለሽ ትጽፊልኛለሽ እንዴ፣ እትዬ? ግድግዳ ነው እንዴ የምቀባው! መርከብ ነው፣ መርከብ! ሰፈራችን በሙሉ ቢገባበት የማይሞላ። ይኸው በንዴት ሰላምታውን አስረሳሽኝ። ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? የእማዬ ጉልበትስ? አባባ አሁንም ሳሉን ደብቆ «ደህና ነኝ» ይላል? እኔ ያው አንበሳ ነኝ፤ የጎደላችሁኝ እናንተ ብቻ።

አሁን ስሚኝ። የመርከብ ሆድ ውሃ ውስጥ ሲከርም ዛጎልና የባህር ሣር ይበቅልበታል። ያኔ ይከብደዋል፣ ነዳጅ እንደ ጉድ ይጠጣል። ድሮ የሚቀቡት መርዝ ነበር፣ ዓሣውንም የሚፈጅ። የእኛ ቀለም ግን ከሻርክ ቆዳ የተኮረጀ ነው። ሻርክ ቆዳው ላይ በዓይን የማይታይ ሸንተረር አለው፤ ዛጎል ልለጠፍ ቢል መቆናጠጫ ያጣል። ቀለማችንም ሲደርቅ እንደዚያው ነው፤ ስትዳብሺው የድመት ምላስ።

አምና አለቃችን ይሄን ሲያስረዳን እኔ ወሬ ላይ ነበርኩ። የቀባሁትን ስዳብሰው ሻከረኝ። ከእኔ እጅ ሻካራ ሥራ ይወጣል? ብርጭቆ ወረቀት አንስቼ በር የሚያክል ቦታ ፈግፍጌ ፈግፍጌ መስታወት አስመሰልኩት። «ኑ፣ ፊታችሁን እዩበት!» እያልኩ ስጎርር ዋልኩ። አለቃችን ሳያየው መርከቡ ሄደ።

ሰኞ ለት ተመልሶ ከውሃ ወጣልሽ። ሆዱ እንደታጠበ ሳህን ንጹህ፤ የእኔ በር ብቻ ጺም አብቅሏል! ዛጎል በዛጎል። አለቃችን «ይሄ የማን ሥራ ነው?» ሲል ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን። አብሮን የሚሠራው በያጅ ደግሞ «ጋሼ፣ መስታወቱ እኮ ነው፤ ይላጩበት እንጂ!» አይልም! ምን አማራጭ አለኝ፣ «የእኔ ነው» አልኩ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት አንተ ነህ» ብሎ አምባረቀብኝ፤ ዛጎሉንም ብቻዬን አስፋቀኝ። ስጨርስ ግን ትከሻዬን ይዞ «ብትዋሸኝ ኖሮ ዛሬውኑ ትሄድ ነበር» አለኝ። የሚመጣውን መርከብ ሆድ ለእኔ ሰጥቶኛል። ካበላሸሁ ጓዜን ጠቅልዬ እናንተው ዘንድ ነኝ።

ስለዚህ አሁን «ና» አትበሉኝ። እንደፈራሁ ደግሞ ለማንም እንዳትነግሪ።

አባባን ሳሚልኝ። ትንሿን ጆሮዋን ቆንጥጪልኝ። ባልሽን «ጉረኛው ሰላም ብሎሃል» በይው። የእማዬን ምርቃት ግን ከአፏ እንደወጣ፣ አንድም ቃል ሳትቀንሺ ጽፈሽ ላኪልኝ፤ መርከቡ ሳይገባ ይድረሰኝ።

ወንድምሽ፣
ከመርከብ መጠገኛው ግቢ፣ ጥቅምት 12

ነገ ዛሬ አትበዪ፤ አሁኑኑ ጻፊ!