ፍጥነቱ ያልተጻፈበት ሸክላ

ለምናፍቅህ ወንድሜ ለግራሃም፣

እንደምን ሰነበትክ? ወገብህስ አሁንም ጠዋት ጠዋት ይይዝሃል? ሮዝሊንስ፣ ቴሳስ ደህና ናቸው? ፐርዝ በጋው እየገባ ነው አሉ፤ ከፀሐዩ ትንሽ ቆርሰህ ብትልክልን ደግ ነበር። እዚህ ሼፊልድ ዝናቡ ከጀመረ ወዲህ አላባራም። እኔም ባሪም በአካል ደህና ነን። አባባም ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ አትክልታቸውን ይቆፍራሉ። ስለ ጤናችን ይህን ካልኩህ ይበቃል፤ ስለ ሆዳችን ግን ደህና ነን ብዬ አልዋሽህም።

ባለፈው ደውለህ የወንድማችን ቀብር እንዴት ነበር ስትለኝ ዝም ያልኩህ ተቀይሜህ አይደለም። ያ ወገብ እንኳን አውስትራሊያን ከሚያህል አገር እዚህ ድረስ፣ ከወንበር ወደ ወንበርም በግድ እንደሚያደርስህ አውቃለሁ። አፌን ከከፈትኩ ማልቀሴ ስለማይቀር ነው። በጽሑፍ ይሻለኛል።

ማልኮምን ከሐኪም ቤት አውጥተን አባባ ቤት ሳሎን ውስጥ አልጋ እንደዘረጋንለት ነግሬህ ነበር። ያልነገርኩህ ምን እንደለመነኝ ነው። አንድ ቀን ትራሱን ሳስተካክልለት እጄን ያዘና፣ «ሂላሪ፣ አባባ ያንን ዘፈን አንዴ እንኳ በቅጡ ሳይሰሙት እንዳልሞት» አለኝ። የትኛውን ዘፈን ብዬ አልጠየቅኩትም። የሸክላው ጀርባ ላይ ያለውን ጩኸት ዘፈን ካላልከው በቀር፣ አንተና ማልኮም በወጣትነታችሁ ያወጣችሁት አንድ ዘፈን ነው።

ዘፈኑ ውስጥ የሚመታው ነገር ከበሮ አለመሆኑን የነገረኝም ያን ዕለት ነው። ዕቃውን ጥቂት በጥቂት እየገዛችሁ ምድር ቤት ውስጥ ከበየዳችሁት ኪቦርድ ጋር የሚሄደው ለካ የአባባ መዶሻ ኖሯል! ቴፑን በምሳ ቦርሳቸው ውስጥ፣ ከዳቦው ሥር ደብቃችሁ ፋብሪካ ሰደዳችሁት፤ አባባም ብረታቸውን ሲቀጠቅጡ ቴፑ እስኪያልቅ ድረስ ሳያውቁት ተቀዱ። እኔ አንድ ቤት እየኖርኩ ይህን አለማወቄ! «አትንገሪያቸው፣ መዶሻቸውን ራሳቸው ይለዩት» አለኝ። ይህችን ነገር ይህን ሁሉ ዓመት በሆዱ ይዞ ኖሯል።

አንዴ በሬዲዮ ሰምተውት የለም ወይ ትለኝ ይሆናል። ያንን መስማት ካልከው! እማማ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የልጆቼ ዘፈን ሊተላለፍ ነው ብላ መንደሩን ሁሉ ጠርታ፣ ያለንን ብስኩት ሁሉ አውጥታ። እናንተ ደግሞ ሽፋኑን በእጃችሁ እያጠፋችሁ፣ በሙጫ እያጣበቃችሁ ስትደክሙ፣ ሸክላው ላይ ፍጥነቱ በደቂቃ አርባ አምስት ዙር መሆኑን መጻፍ ረስታችሁ። የሬዲዮው ሰውዬ በምን ይወቅ? በሠላሳ ሦስት ለቀቀው። ዘፈኑ እየተጎተተ፣ የማልኮም ድምፅ ወፍሮ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ሲመጣ፣ አባባ «ይቺን ላም ምጥ ይዟታል፣ ሐኪም ጥሩላት» ብለው ተነሥተው ወጡ። ጎረቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሰውዬው ይቅርታ ጠይቆ ሲያስተካክለው አባባ ከውጭ አልተመለሱም። «የረሳኸው አንተ ነህ»፣ «የለም፣ አንተ ነህ» ስትባባሉ ከረማችሁ። ማልኮምን ያንገበገበው ግን የአባባ መውጣት ነበር።

እናም እንደለመነኝ አባባን ጠራኋቸውና ሸክላውን በትክክለኛ ፍጥነቱ አጫወትንላቸው። ጆሯቸውን ታውቀዋለህ፤ ፋብሪካው በልቶታል። የማንቆርቆሪያው ፉጨት፣ የስልኩ ጥሪ፣ የእኔ ድምፅ አይገባቸውም፤ አውቶቡስ በደጅ ሲያልፍ ግን ቀና ይላሉ። ሐኪሙም ቀጭኑ ድምፅ ሄዷል፣ ወፍራሙ ነው የቀራቸው ብሎናል። ወንበራቸውን አስጠግተው፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ «ጎሽ የኔ ልጅ፣ ግሩም ነው» አሉ። ዘፈኑ አልቆ መርፌው ከተነሣ በኋላም መነቅነቃቸውን አልተዉም። ማልኮም ፈገግ አለላቸው፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በዚያው ሳምንት ዐረፈ። ግራሃም፣ ሞቱ ብቻ አይደለም አንጀቴን የበላው፤ ያቺ ፊቱን ያዞረባት ነገር ናት።

በስንብቱ ዕለት አዳራሹ ውስጥ በሳጥኑ ፊት መጋረጃው ሲዘጋ እንዲጫወትለት ሸክላውን በብብቴ ይዤ ሄድኩ። የቦታው ሠራተኛ አገላብጦ አየውና «አዝናለሁ እመቤቴ፣ እኛ ጋ ያለው የሲዲ ማጫወቻ ብቻ ነው» አለኝ። ለሠርግ ካልሆነ ቤተ ክርስቲያን ረግጦ የማያውቀው ወንድማችን በኦርጋን መዝሙር ተሸኘ። ቢሰማ ኖሮ ከሳጥኑ ወጥቶ ያባርረን ነበር።

ቤት ተመልሰን ሻይና ሳንድዊች ለሰው አቀረብን። ሰዉ ሲበተን ባሪ፣ ምስኪን ባሌ፣ ደስ ያሰኘኝ መስሎት ሸክላውን ማጫወቻው ላይ አስቀመጠው። አባባ ጠዋት የፋብሪካቸውን የማርሽ ባንድ ሲያዳምጡ ነበርና ማጫወቻው ሠላሳ ሦስት ላይ ቀርቶ ኖሯል። ያ የላም ምጥ ቤቱን ሞላው። መርፌውን ላነሣ ስሮጥ አባባ እጃቸውን ዘረጉና «ተዪው!» አሉኝ።

አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ቆዩ። «መዶሻ ነው» አሉ። «ግን ማነው እንዲህ እያዛጋ የሚመታው? የኔ ረዳት ቢሆን ዕለቱን ነበር የማባርረው።» ፊት ለፊታቸው ተንበርክኬ፣ ከንፈሬን እንዲያነቡ ቀስ ብዬ፣ «የእርስዎ ነው አባባ፣ ልጆቹ ናቸው የቀዱዎት» አልኳቸው። የምሳ ቦርሳውን ነገር ነገርኳቸው። መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ አኑረው አብረው መምታት ጀመሩ።

ሸክላ ዝግ ሲል ድምፁ እንደሚወፍር አውቅ ነበር። አባባ የሚሰሙት ወፍራሙን መሆኑንም አውቅ ነበር። ሁለቱን ግን አገናኝቼ አላሰብኳቸውም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። በሳምንት ብቻ ብንቀድም ኖሮ ማልኮም ይህን ያይ ነበር። እንዴት እንደሚቆጨኝ አልነግርህም።

ከዚያ ዘፈኑ ውስጥ ድምፁ ገባ። አባባ መዳፋቸውን አቆሙ። «ይሄ ሽማግሌ ደግሞ ማነው?» አሉኝ።

«ማልኮም ነው።»

«አርጅቶ ቢሆን እንዲህ ነበር የሚናገረው ማለት ነው» አሉ። «ቁርጥ አባቴን።» እንባቸው ሲወርድ ሳይጠርጉት «ድገሚው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የማርሽ ባንዱ ሸክላ ከሽፋኑ አልወጣም።

በል እንግዲህ፤ ለሮዝሊን ናፍቆቴን አድርስልኝ። ቴሳን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ፤ አጎትሽ ይወድሽ ነበር በላት። ለዚያ ለሰነፍ ውሻችሁም ሰላም በልልኝ። ባሪ ሰላም ብሎሃል። አባባም ይስሙሃል፤ ዳቧቸውን በቴፕ የጨፈለቅከው አንተ እንደሆንክ ደርሰውበታልና ስትመጣ ትጠየቃለህ። ያንተ ሸክላ አሁንም ካለ፣ ሠላሳ ሦስት ላይ አድርገህ ብቻህን ስማው። አርባ አምስት ዓመቱ ላይ የቀረውን ወንድማችንን ሸምግሎ ታገኘዋለህ።

እህትህ ሂላሪ
ሼፊልድ፣ ኖቬምበር 23 ቀን 2003