ከመዝሙሩ ጋር የተቀዳው ሹክሹክታ

እሑድ፣ ኖቬምበር 10፣ 1996፤ ሱንድቢበሪ

ባለ ሱቁ ከፊት ብቻ የሚሰማውን ማይክ ውሰጂ ቢለኝ፣ የምእመኑ «አሜን» እንዳይቀርብኝ ብዬ ከዙሪያው ሁሉ የሚሰማውን መረጥኩ። ሽምብራ ነው የሚያክለው። መዝሙሩን የምቀዳበት መቅረጫ ኃይል ስለማይበቃው የማይኩን ባትሪ ከነሳጥኑ ኪሴ ከትቼ፣ ማይኩን ኮሌታዬ ላይ ሰክቼ ቸርች ገባሁ።

አልማዝ አጠገቤ ተቀመጠች። ማይኩን የት አይታው! ሦስተኛው መዝሙር ሲጀመር ጆሮዬ ሥር ገብታ፣ «ቬሊንግቢ ሰፈር የምከራየው ቤት አገኘሁ፤ ተስፋዬን ትቼው ልወጣ ነው» አለችኝ። ባሏ ተስፋዬ ፊት ለፊታችን ቆሞ መዘምራኑን ይመራል። ዝም በይ እንዳልላት የእኔም ድምፅ ሊቀዳ ነው።

ቤት ገብቼ ሳዳምጠው ከመዝሙሩ ይልቅ እሷ ጎልታ ትሰማለች። ሌላ ቅጂ የለም። መዝሙሩን ቆርጬ እንዳላወጣው ተስፋዬ ራሱ የደረሰው ነው። ተበላሸ እንዳልል ደግሞ እዚያው ቸርች መጀመሪያውን በጆሮ ማዳመጫ ሰምቶ፣ «እህቴ፣ ተባረኪ! ነገ ከሥራ ስወጣ መጥቼ እወስደዋለሁ» ብሎኛል።

አልማዝ ጋ ደወልኩ። ድምፅዋ መቀዳቱን ስነግራት፣ «ስጪው በቃ» አለችኝ። «እኔ ፊቱን እያየሁ መናገር አቅቶኛል።»

እኔስ ፊቱን እያየሁ እንዴት አድርጌ ነው የምሰጠው?